ከኋላ ወንበር የሚዘመር መዝሙር

አዲስ መዝሙር ሠርታችሁ ጉባኤ ፊት ስታቀርቡ መድረኩን ትታችሁ የመጨረሻውን ወንበር እዩ። በሩ አጠገብ ልጅ ታቅፋ የተቀመጠች እናት አዝማቹን በሁለተኛው ዙር ከያዘችው መዝሙሩ የጉባኤ ነው። በአራተኛውም ዙር ከንፈሯ ካልተንቀሳቀሰ መዝሙሩ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ያምር ይሆናል፣ ግን የሚደመጥ ነው። ለኳየር ወይም ለአልበም ይሁን። የሚደመጥና የሚዘመር ሁለት የተለያየ ሥራ ነው፤ ብዙ ወጣት ገጣሚ የሚደክመው የሚደመጠውን ሠርቶ ሕዝቡ እንዲዘምርለት ሲጠብቅ ነው።

እዚህ የምንጽፈው በአዲስ አበባ ዳር ላሉ አጥቢያዎች እንዲጠቅም ነው፤ ለቱሉ ዲምቱ፣ ለኮዬ ፈጬ፣ ለገላን፣ ለሰበታ፣ ለቡራዩ። የቆርቆሮ አዳራሽ፣ አንድ ኪቦርድ፣ ሁለት ስፒከር፣ ባለ 8 ቻናል ሚክሰር፣ የሚሄድና የሚመጣ መብራት። ሁሉም ነገር የሚለካው በዚያችው እናት ነው።

ከግጥሙ እንጀምር፤ አብዛኛው ብልሽት እዚያ ነው።

ለጉባኤ የሚመቸው ስንኝ ጆሯችን ከልጅነት የለመደው የወል ቤት ነው። አንዱ ስንኝ በሁለት ሐረግ ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ሐረግ 6 ቀለም ይይዛል። በጭብጨባ ለሚሄድ አጭር አዝማች ደግሞ 4 ለ 4 የሚከፈለው ቡሄ በሉ አለ። ቀለም ማለት ግን ፊደል አይደለም፤ በአፍ ሲባል በአንድ ምት የሚወጣው ድምፅ ነው። «አንተ ነህ መብራቴ» 9 ፊደል ነው፣ «መንገዱ ሲጠፋ» 7 ፊደል ነው፤ ሲዘመሩ ሁለቱም 6 ቀለም ናቸው። አን–ተ–ነህ–መብ–ራ–ቴ። መን–ገ–ዱ–ሲ–ጠ–ፋ። ሳድሱ ብዙ ጊዜ ከፊቱ ያለውን ፊደል ተደግፎ ስለሚሄድ ለብቻው ምት አይጠይቅም። ስለዚህ ወረቀቱን አስቀምጣችሁ ጠረጴዛ እየመታችሁ በአፋችሁ ቁጠሩ። ፊደል እየቆጠረ የሚገጥም ሰው ወረቀት ላይ እኩል የሆነ፣ ሲዘመር ግን አንዱ ሐረግ የሚጎተት ሌላው የሚታፈን ስንኝ ይዞ ይመጣል።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ሐሳቡ በጨለማ ጊዜ ጌታ ብርሃን መሆኑ ነው እንበል። የመጀመሪያው ረቂቅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ይመጣል፦

«በሕይወቴ ውስጥ ጨለማ በሆነበት ጊዜ»

ሲነበብ ምንም አይልም። ቁጠሩት። ስድስተኛው ቀለም ላይ ስትደርሱ «ጨ» ላይ ናችሁ። ዜማው እዚያ ይተነፍሳልና ጉባኤው «በሕይወቴ ውስጥ ጨ» ብሎ ይቆማል፣ «ለማ በሆነበት» ብሎ ይነሳል። በዚያ ላይ ስንኙ 14 ቀለም ስለሆነ መጨረሻው ላይ ሩጫ አለ። ወጣቶቹ በፍጥነት ይጠቀልሉታል፣ አዛውንቶቹ መሃል ላይ ይቀራሉ። ደግሞም «በሕይወቴ ውስጥ» የስብከት አነጋገር ነው፤ ቢወጣ ምንም አይጎድልም። ሲስተካከል፦

«ቀኑ ሲመሽብኝ፣ መንገዱ ሲጠፋ
አንተ ነህ መብራቴ፣ የማይከስም ተስፋ»

አራቱም ሐረግ 6 ቀለም ነው፣ ትንፋሹ ቃል አይቆርጥም፣ «ፋ» እና «ፋ» ቤት ይመታሉ። በ6/8 ምት አንዱ ሐረግ በ2 ባር (ባር አንድ ሙሉ የምት ዙር ነው)፣ ሙሉው ስንኝ በ4 ባር ይቀመጣል፤ የሐረጉ የመጨረሻ ቀለም ጠንካራው ምት ላይ ያርፍና ቀሪው ለትንፋሽ ይሆናል። ይቺ የትንፋሽ ቦታ ቅንጦት አይደለችም። የለመደ ዘማሪ 4 ባር በአንድ ትንፋሽ ይወጣዋል፣ ሕዝቡ ግን አይወጣውም።

የሐረጉ መጨረሻ ረጅም ኖታ ስለሚሸከም እዚያ የሚቀመጠው ፊደል ይመረጥ። ራብዕ፣ ሳብዕ፣ ኃምስ አፍን ይከፍታሉ፤ ሳድስ ይዘጋል። «ክብር»፣ «ልብ»፣ «ስም» ላይ ድምፅ አይያዝም፤ ልያዝ ያለ ሰው ወይ ጉሮሮው ይታነቃል፣ ወይ የሌለ አናባቢ ይጨምራል። «ክብሩ»፣ «ልቤ»፣ «ስሙ» ሲሆኑ ችግሩ የለም። ከላይ ባለው ስንኝ «ሲመሽብኝ» በሳድስ ስላለቀ እዚያ አጭር ኖታ ስጡ፣ ረጅሙን ለ«ሲጠፋ» አቆዩት። «እግዚአብሔር» ላይ መርዘም የፈለገ ዜማ «ሔ» ላይ ይርዘም፣ «ር» መዝጊያ ብቻ ትሁን።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥብቀትና ልላት ነው። ፊደላችን አያሳየውም፣ ዜማ ግን ያጋልጠዋል። «አዳኝ» በሚለው ቃል «ዳ» ሲላላ መድኃኒት ነው፤ ሲጠብቅ ጠመንጃ ይዞ ጫካ የገባ ሰው ነው። የዜማ ደራሲው «አ»ን አጭር መነሻ አድርጎ «ዳ»ን ጠንካራው ምት ላይ ሲያሳርፍ ጉባኤው ሳያስበው «ዳ»ን ያጠብቃል። መፍትሔው «አ»ን ማርዘም ነው፤ እርሷ ከረዘመች «ዳ» ላልታ ትመጣለች። «ጌታ ይሰማል»ም እንዲሁ ነው፤ «ሰ» ሲላላ ጌታ ጸሎትን ይሰማል፣ ሲጠብቅ ጌታ በሌሎች ይሰማል። ግጥሙን የጻፈው ሰው የሚፈልገውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ስህተቱ አይሰማውም። ግጥሙን ላላየ ሰው ዘምሩለትና «ምን አልኩ?» ብላችሁ ጠይቁት።

አዝማቹ ከ2 ስንኝ አይለፍ፤ በአዝማቹ መካከል የሚገቡት አርኬዎች 3 ቢሆኑ ይበቃሉ። የሚደጋገም መዝጊያ ያለው አሠራር ለጉባኤ ምን ያህል እንደሚመች ለማየት መዝሙር 136ን ክፈቱ፤ 26 ቁጥር አለው፣ ሁሉም «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ብሎ ያልቃል። የፊተኛውን ግማሽ መሪው ያውቀዋል፣ የኋለኛውን ሁሉም ያውቀዋል። ማንበብ የማይችል ሰው ከሚያነበው እኩል የሚዘምርበት አሠራር ነው። ስክሪን በሌለበት አጥቢያ ከዚህ የተሻለ አላየንም።

ሌላው የተለመደ ስህተት የተጠሪ መቀያየር ነው። አርኬው «አንተ ታማኝ ነህ» ብሎ ይጀምርና ቤት ለመምታት ሲባል «ቃሉን ይጠብቃል» ብሎ ያልቃል። አንድ አርኬ ውስጥ ወይ ለጌታ ተናገሩ፣ ወይ ስለ ጌታ ተናገሩ። ከአርኬ ወደ አዝማች መለወጥ ግን ይቻላል፤ እንዲያውም ያምራል። ግጥሙ ሲያልቅ ዜማው ሳይጠነክር ለመጋቢው ወይም ለሽማግሌዎች ይታይ። ዜማው ከተወደደ በኋላ አንድ ቃል ማስተካከል ጥርስ እንደመንቀል ነው።

ወደ ዜማው ስንመጣ ጣጣው ያለው ቅኝትና ኪቦርድ በሚገናኙበት ቦታ ነው። የኖታዎቹን ስም እንደ ሙዚቀኞቹ በእንግሊዝኛው ፊደል እንጥራ፤ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ። ፍላት ማለት ግማሽ ቶን (በኪቦርዱ አንድ ቁልፍ) ዝቅ ያለ፣ ሻርፕ ማለት ግማሽ ቶን ከፍ ያለ ነው። ትዝታ ማይነር ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። አምባሰል ከጂ ሲነሳ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት ነው። ልብ በሉ፣ አምስቱም ኖታ አንድ ነው። ልዩነቱ ዜማው ቤቱ የሚገባው የት ነው የሚለው ብቻ ነው። ዜማው ጂ ላይ እያረፈ ኪቦርዲስቱ በሲ ማይነር ከዘጋው ሁሉም ኖታ ልክ ሆኖ መዝሙሩ ያላለቀ ይመስላል፤ ሕዝቡም የሚቀጥለው ስንኝ የት እንደሚነሳ ይጠፋበታል። ስለዚህ አዲስ መዝሙር ስታስተምሩ ከሁሉ በፊት «ኪዩ (የድምፅ ከፍታው) ስንት ነው?» ሳይሆን «የት ያርፋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

የኮርዱ፣ ማለትም አብረው የሚመቱት ኖታዎች፣ ጉዳይም ከዚሁ ይመጣል። በጂ አምባሰል ማረፊያ ኖታ ላይ የሚመታ ኮርድ ሦስተኛ ድምፁ መቅረት አለበት፤ ጂና ዲ ብቻ፣ ወይም ጂ፣ ሲ፣ ዲ። ጂ ሜጀር ከመታችሁ ቢ ይገባል፤ ቢ ቅኝቱ ውስጥ የለም፣ መዝሙሩ ድንገት የዓረብ ዘፈን ይሆናል። ጂ ማይነር ብትሉም ቢ ፍላት ይገባል፣ እርሱም የለም። ለመንቀሳቀሻ ኤ ፍላት ሜጀርና ሲ ማይነር ያለ ችግር ይሠራሉ፣ ኖታዎቻቸው ሁሉ ቅኝቱ ውስጥ ናቸውና። በሲ ትዝታ ማይነርም ጂ ላይ ስትደርሱ ያው ነው፣ ጂና ዲ ብቻ። ባለ ስታይል ኪቦርድ (አጃቢውን ሙዚቃ ራሱ የሚመታውን) የሚጫወት ሰው እዚህ ጋ ይጠንቀቅ። በአንድ ጣት ኮርድ በሚመታበት አሠራር መሣሪያው ሜጀሩን ወይም ማይነሩን ራሱ ይሞላል፣ ሦስተኛውን ድምፅ መከልከል አይቻልም። ሙሉ ጣት ወደሚቀበለው አሠራር ቀይሩት፣ ካልሆነም ስታይሉን ከድራሙ በቀር ዝጉት።

ትዝታ ሜጀርና ባቲ ማይነርም እንደዚሁ መንትያ ናቸው። የኪቦርዱን አምስት ጥቁር ቁልፎች ብቻ ስትጫወቱ ኤፍ ሻርፕ ላይ ካረፋችሁ ትዝታ ሜጀር ነው፣ ዲ ሻርፕ ላይ ካረፋችሁ ባቲ ማይነር ነው። ራሱን ያስተማረ ኪቦርዲስት ብዙ ጊዜ ከጥቁሮቹ አይወጣም፤ ሌላ ኪይ ሲፈልግ ትራንስፖዝ፣ ማለትም ጣት ሳይቀየር ድምፁን በግማሽ ቶን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ፣ ይነካል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። ችግሩ ለቤዙ «ኤፍ ሻርፕ ነው» ሲለው ነው። ትራንስፖዙ ከዜሮ በታች 4 ላይ ከሆነ የሚሰማው ዲ ነው፤ ቤዙ ኤፍ ሻርፕ ይመታል፣ ሁለቱም ትክክል ነኝ ይላሉ። በእኛ ዘንድ የተሠራበት ደንብ አጭር ነው፤ በቡድኑ ውስጥ የሚነገረው ኪይ ከስፒከር የሚሰማው ብቻ ነው። ጣቱ የት እንዳለ የኪቦርዲስቱ የግል ጉዳይ ነው።

ኪይ ስትመርጡ የመሪውን ጉሮሮ አትለኩ። ጉባኤ ሳይጨነቅ የሚዘምረው ከታችኛው ኤ እስከ ላይኛው ዲ ነው፤ ወንዱ በራሱ ኦክቴቭ፣ ሴቷ በራሷ። አሠራሩ ቀላል ነው። የመዝሙሩን ከፍተኛ ኖታ ፈልጉ፣ ዲ ላይ አስቀምጡት፣ ከዚያ ዝቅተኛው ከኤ በታች አለመውረዱን እዩ። ከወረደ ዜማው ለጉባኤ ሰፊ ነው፤ ኪይ መቀየር አያድነውም፣ ዜማውን ቁረጡ። ጂ ላይ የሚያበራ ወንድ መሪ ለጉባኤ 5 ግማሽ ቶን መውረድ አለበት፣ «ድምፄ ሞተ» ማለቱም አይቀርም። ልክ ነው፣ ያ የመሪነት ዋጋ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ገና ጉሮሮ ሳይሟሟ፣ ከዚህም አንድ ግማሽ ቶን ዝቅ አድርጉ። መጨረሻ ላይ ግማሽ ቶን ከፍ ማድረግ የምትወዱ ከሆነ መጀመሪያ ከፍተኛውን ኖታ ሲ ሻርፕ ላይ አስቀምጡት፤ ከፍ ሲል ዲ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ከፍ የሚያደርግ ቡድን ሦስተኛው ላይ ብቻውን ነው የሚዘምረው። ዓይኑን ስለጨፈነ ግን አያየውም።

ስለ ምት ብዙ አንልም። ችክችካው 6/8 ነው፣ ጭብጨባው 1 እና 4 ላይ ያርፋል። ከውጭ መዝሙር የተማረ ድራመር 4/4 ላይ ሊያስቀምጠው ይሞክራል፤ ያኔ ጭብጨባው ይበተናል፣ ያን ሰምታችሁ ታውቁታላችሁ። ፈጣኑን በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥረው መሣሪያ) ከ100 እስከ 120፣ ቀርፋፋውን በ60ዎቹ ውስጥ ስንይዝ ይስማማናል። ጭብጨባ ሁልጊዜ ወደፊት ይጎትታል፤ እልልታ ሲጨመርበት ደግሞ ድራመሩ ይሰክራል። ሜትሮኖሙ በድራመሩ ጆሮ ባይሆን እንኳ ከእያንዳንዱ መዝሙር በፊት 2 ባር በስልክ ያድምጥ።

አዲስ መዝሙር እንዴት ይገባል? በመጀመሪያው እሁድ ኳየሩ ብቻውን ያቅርበው፣ ሕዝቡ ይስማ። በሁለተኛው እሁድ አዝማቹን ብቻ ከታወቀ መዝሙር ጋር አያይዙት። በሦስተኛው ሙሉውን ዘምሩ። በአራተኛው ድገሙት፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት አሳርፉትና እንደገና ጥሩት፤ ያለ ስክሪን ከተነሳ ገብቷል። በአንድ የአምልኮ ሰዓት ከ4 እስከ 5 መዝሙር ይበቃል፣ ከዚያ ውስጥ አዲሱ አንድ ብቻ ይሁን። ልምምዱ ቅዳሜ ከሆነ በ8 ሰዓት ጀምራችሁ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሱ፤ ከኮዬ ወይም ከገላን ማዶ የሚመጡት ልጆች ከመሸ ታክሲ አያገኙም፣ ሰዓት የሚያይ ዘማሪ ደግሞ አይለማመድም። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ያለ መሣሪያ ዘምሩ። በድምፅ ብቻ ያልቆመ መዝሙር በኪቦርድ ሲደገፍ ስህተቱ ይደበቃል እንጂ አይጠፋም።

ለቡድኑ አንድ ደብተር ይኑር። ለእያንዳንዱ መዝሙር የሚሰማው ኪይ፣ ማረፊያ ኖታው፣ ቅኝቱ፣ ፍጥነቱ፣ ግጥሙን ማን ዜማውን ማን እንደሠራው፣ ቀኑ ጭምር ይጻፍበት። የመጨረሻው ነገር ለብዙዎች መንፈሳዊ አይመስላቸውም። ነገር ግን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ መዝሙሩ ከዓመታት በኋላ ስቱዲዮ ሲገባ ወንድማማቾችን ከክርክር የሚያድናቸው ያቺ አንድ መስመር ናት።

አሁን መድረክ ላይ ናችሁ። የመሪው ዋና ሥራ መዘመር አይደለም፤ ቀጣዩን ስንኝ መጥራት ነው። ጥሪው ሁለት ቃል ይበቃል፣ ጊዜው ግን ጥብቅ ነው። ስንኙ ካረፈበት ረጅም ኖታ ላይ፣ አዲሱ ከመነሳቱ በፊት ባሉት ሁለት ምቶች ውስጥ። «ሲጠፋ» ብሎ ሕዝቡ ሲያርፍ እናንተ «አንተ ነህ» ትላላችሁ፣ ሕዝቡ «አንተ ነህ መብራቴ» ብሎ ይነሳል። ከዘገያችሁ ጥሪያችሁ ከሕዝቡ ድምፅ ጋር ይጋጫል፤ ከቸኮላችሁ ያረፈውን ኖታ ትቆርጡታላችሁ። ዜማ እየቀያየረ የሚያስጌጥ መሪ ደግሞ መጥራት አይችልም። ስትጠሩ የዜማውን ቀጥተኛ መንገድ ዘምሩ፤ ጌጡ አዝማቹ ሦስተኛ ዙር ላይ ሕዝቡ ሲረጋጋ ይምጣ።

ለሙዚቀኞቹ ምልክት ቅዳሜ ተስማሙ። ጣት ወደ ላይ የአርኬውን ቁጥር፣ በአየር ላይ ክብ ወደ አዝማች ተመለሱ፣ መዳፍ ወደ ታች ዝቅ በሉ፣ የተጨበጠ እጅ በዚህ ዙር ጨርሱ። ምልክቱ ለሕዝቡ እንዳይታይ ከወገብ በታች፣ ከጀርባ በኩል ይሰጥ። በመዝሙር መሃል ንግግር ሁለት ዓረፍተ ነገር ይብቃ፤ ሦስተኛው ስብከት ነው፣ ሰባኪው ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ እየጠበቀ ነው። ከመዝሙር ወደ መዝሙር ስትሻገሩ ቅኝቱ ተመሳሳይ ከሆነ ሳትቆሙ ሂዱ። ከትዝታ ሜጀር ወደ አምባሰል ከሆነ ግን ኪቦርዱ 4 ምት ይዘጋና አዲሱን ማረፊያ ኖታ ብቻውን ይስጥ፤ የድሮው ቅኝት ከጆሮ ሳይወጣ አዲሱ ከተነሳ ሕዝቡ በአሮጌው ይገባል።

በከተማዋ ዳር ያለ ጉባኤ በአብዛኛው ሁለት ቋንቋ አለው፤ አማርኛና ኦሮምኛ። የአማርኛን መዝሙር ቃል በቃል ወደ ኦሮምኛ መመለስ አይሠራም፣ ቀለሙ አይገጥምም። ኦሮምኛ ደግሞ በአናባቢ ርዝመት ትርጉም የሚለይ ቋንቋ ነው፤ «ጎፍታ» (ጌታ) የሚለው ቃል ሁለቱም አናባቢው ረጅም ነውና የተጣደፈ አጭር ኖታ ላይ ስታስቀምጡት ለባለቤቱ ጆሮ ይሰበራል። ሐሳቡንና ዜማውን ኦሮምኛ አፉን ለፈታበት ገጣሚ ስጡት፣ አዲስ ግጥም ይጻፍበት። ስክሪን ላይ ኦሮምኛውን በቁቤ አውጡ፤ በእኛ ፊደል ርዝመቱ አይታይም። ስክሪኑ ላይ በአንድ ጊዜ ከ4 ስንኝ በላይ አይውጣ፤ ገጹን የሚገለብጠው ልጅም የመጨረሻው ሐረግ ሲጀመር ይገልብጥ፣ ሲያልቅ አይደለም።

የቆርቆሮ አዳራሽ ድምፅ ይመልሳል፣ ማይኩም ያፏጫል። የመጀመሪያው መድኃኒት ድምፅ መጨመር ሳይሆን ማይክ መቀነስ ነው፤ የተከፈተው ማይክ እጥፍ በሆነ ቁጥር ሳያፏጭ ሊሰጥ የሚችለው ድምፅ በ3 ዴሲቤል ይቀንሳል። 4 አጃቢ በ2 ማይክ ይዘምሩ። ማይኩ ከአፍ ሁለት ሦስት ጣት ይራቅ፤ ጭንቅላቱን በእጅ ማቀፍ ፉጨት መጥራት ነው፣ ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ የሚያስቀርበትን ቀዳዳ ይዘጋዋልና። ሞኒተሩ (ለዘማሪው ድምፁን የሚያሰማው ስፒከር) ከማይኩ ጀርባ ፊት ለፊት ይቀመጥ፣ ዋናዎቹ ስፒከሮች ከዘማሪዎቹ ፊት ይቁሙ። በድምፅ ቻናሎቹ ላይ የታችኛውን ቁረጡ፤ አብዛኛው ሚክሰር ለዚህ 80 ወይም 100 ኸርዝ የሚል አንድ ቁልፍ አለው። ከመድረኩ ጀርባ ባለው ቆርቆሮ ላይ ወፍራም መጋረጃ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ ከማንኛውም ዕቃ ይረክሳል፣ ከብዙው ይበልጣል።

ክረምት ሲገባ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ከዝናቡ ጋር አትፎካከሩ። ድምፅ ብትጨምሩ ፉጨት እንጂ መዝሙር አይጨመርም። ቀርፋፋውን መዝሙር አቆዩትና ሁሉም የሚያውቀውን፣ አጭር ሐረግ ያለውን፣ ጭብጨባ የሚሸከመውን አንሱ። ለዚህ የሚሆኑ 3 መዝሙሮች በደብተሩ ጀርባ ተጽፈው ይጠብቁ።

መብራት በመዝሙር መሃል ሲጠፋ ማንም አይቁም። ድራመሩ ይቀጥላል፤ ከበሮ ካለ ወዲያው ይነሳ፣ መሪው ከመድረኩ ጫፍ ወርዶ ወደ ሕዝቡ ቀረብ ብሎ ይጥራ። የድምፅ ሰውየው በዚያች ደቂቃ ሁለት ነገር ብቻ ያድርግ፤ የሚክሰሩን ዋና ማስተር እስከ ታች ያውርድ፣ አምፕሊፋየሩን ያጥፋ። መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ጥፊ ስፒከር ይበጥሳል። ሲከፈት ሚክሰሩ ይቅደም፣ አምፕሊፋየሩ መጨረሻ ይሁን፤ ሲዘጋ አምፕሊፋየሩ ይቅደም። ትንንሾቹ ባለ ስታይል ኪቦርዶች ብዙዎቹ የራሳቸው ስፒከር አላቸው፣ በ6 ባትሪም ይሠራሉ፤ ባትሪ ሞልቶ የሚመጣ ኪቦርዲስት መብራት ቢጠፋም ለመሪው ኖታ መስጠት ይችላል።

መብራቱ ሲመለስ ደግሞ የሙዚቀኞቹ እጅ ወዲያው ይነሳል። ያዙት። ያለ መሣሪያ የዘመረ ጉባኤ ሳያውቀው ይወርዳል፣ ግማሽ ቶን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፤ በድሮው ኪይ ከገባችሁ አዳራሹ በሙሉ ይሰነጠቃል። አዝማቹ እስኪያልቅ ጠብቁ፣ መሪው በተጨበጠ እጅ ይዝጋ፣ 4 ምት ጸጥታ ይሁን፣ ከዚያ ኪቦርዱ ማረፊያ ኖታውን ሰጥቶ ይነሳ። ከመስጠቱ በፊት ግን ኪቦርዲስቱ የኪቦርዱን ስክሪን ይይ፤ ባትሪ ያልነበረው ኪቦርድ ጠፍቶ ሲበራ ትራንስፖዙ ብዙ ጊዜ ዜሮ ላይ ተመልሶ ነው የሚጠብቀው።